በሳጥን የከረመ ክንፍ

እናቴ ባለክንፉን ልብሴን የብረት ሳጥኗ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ፣ ከልብስ መለኪያ ሜትሯ ጎን አንጠለጠለችው። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ቅዳሜ ያቋረጠችውን ማስክ መስፋት ቀጠለች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ላስቲክ መቁረጤን ቀጠልኩ። የኮሮና ጊዜ ነበር። አምቦ ውስጥ መርፌ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ ማስክ ይሰፋ ነበር።

ልብሱን ዊንግሱት ይሉታል። ከአንገት እስከ እግር የሚደርስ ቱታ ነው፤ ከሌላው ቱታ የሚለየው በክንድና በጎን መካከል፣ እንዲሁም በሁለቱ እግሮች መካከል ድርብ ጨርቅ የተዘረጋበት መሆኑ ነው። ከአውሮፕላን የዘለለ ሰው እጅና እግሩን ሲዘረጋ ጨርቁ በነፋስ ይሞላና ክንፍ ይሆናል። ሰውየው ቁልቁል መውደቁን ትቶ ወደ ፊት ይንሳፈፋል። መሬት ሳይቀርበው ደግሞ እንደ ማንኛውም ዘላይ ጀርባው ላይ ያዘለውን ፓራሹት ከፍቶ ይወርዳል። ይህንን ለእናቴ ደጋግሜ አስረድቻታለሁ።

"ፓራሹቱ ይገባኛል" ትለኝ ነበር። "እሱ ጃንጥላ ነው። ሰው ከላይ ሲወርድ ጃንጥላ ይይዛል፤ እሺ። ክንፉ ግን ምንድን ነው? ምን ጎደለሽና ነው ክንፍ ያስፈለገሽ?"

ምን እንደጎደለኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ስላልቻልኩ ሁልጊዜ እሷ ታሸንፈኝ ነበር።

መስፋት ያስተማረችኝ እሷው ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገችን የተማሪ ዩኒፎርምና የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ እየሰፋች ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ሁለተኛ መኪና ገዝታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ስፌቴ ከተጣመመ ምንም ሳትል በምላጭ ፈታ መልሳ ትሰጠኝ ነበር። አንድ የትከሻ ስፌት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስፈታና ስሰፋ የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

አረብ አገር የሄድኩትም በዚሁ ሙያ ነው። የሠራተኛ ደንብ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ገባሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃውና ባሕሩ በሚገናኙበት ዳር የፓራሹት ዝላይ ሜዳ አለ። የዚያ ሜዳ ሰዎች የተቀደዱ የዘላይ ቱታዎች እያመጡ ያሰፉን ነበር። ጥቂት ጊዜ ቆይተው "እነዚህን የምትሰፋዋ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ፤ አለቃዬም ወደ እኔ ጠቆመ። ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካውን ለቅቄ የእነሱ ሠራተኛ ሆንኩ። ቀን ቀን ፓራሹት አጥፋለሁ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ቀዳዳ እጠቅማለሁ።

ፓራሹት ማጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንደ ሜዳ የሰፋውን ጨርቅ ወለል ላይ ዘርግተው፣ ገመዱን ለይተው፣ አየሩን በጉልበት ጨቁነው አስወጥተው፣ ትራስ በምታህል ከረጢት ውስጥ ይከቱታል። እኔ ያጠፍኩትን ይዘው የወጡ ሰዎች ፊታቸው በርቶ፣ እየጮሁና እየተቃቀፉ ይመለሱ ነበር። ያን ያህል ጊዜ የሰው ደስታ ካጠፍኩ በኋላ የራሴን ማየት ፈለግሁ። መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ታስሬ ዘለልኩ። ከዚያ ተምሬ ብቻዬን። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ፓራሹቱን ያጠፈው ማነው?" አለች። "እኔ ራሴ" ስላት ትንሽ ተረጋጋች። በጊዜ ብዛት ለመደችው።

ክንፉን ያሳየችኝ ግን አሰልጣኜ ናት። ኮሎምቢያዊት ናት፤ አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ብዙ የማትስቅ ሴት። አንድ ጠዋት ከእሷ ጋር በአንድ አውሮፕላን ወጣን። እኔ ዘልዬ፣ ወርጄ፣ ፓራሹቴን ከፍቼ ቀና ስል እሷ ገና ከላይዬ ነበረች። ክንፏን ዘርግታ በባሕሩ ዳርቻ ላይ ትሄድ ነበር። አትወድቅም ነበር፤ ትሄድ ነበር። መሬት ከረገጥኩ በኋላ እንኳ አንገቴን ሰቅዬ ቀረሁ።

"እኔም እፈልጋለሁ" አልኳት ስትወርድ።

"ሁለት መቶ ዝላይ ሳይሞላሽ አታናግሪኝ" አለችኝ። ደንቡ ነው፤ ከዚያ በታች ለዘለለ ሰው ክንፍ አይሰጥም።

አላናገርኳትም። አውሮፕላን ውስጥ ትርፍ ቦታ በተገኘ ቁጥር እየገባሁ ዘለልኩ። ሲሞላ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ማስረጃ አልጠየቀችኝም፤ ከመደርደሪያ አሮጌ ክንፍ ልብሷን አውርዳ ሰጠችኝ። የእግሩ ጨርቅ አልቆ ነበር። አሮጌውን ፈትቼ በአዲስ ቀየርኩት። እሷም እያንዳንዷን ስፌት በጥፍሯ እየሳበች መረመረችውና የመጀመሪያውን በረራ የምናደርግበትን ሳምንት ወሰነች።

በዚያው ሳምንት ሜዳው በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ሠራተኞችን ወደየአገራችን ላኩን። እኔም ከመጨረሻዎቹ አውሮፕላኖች በአንዱ፣ ልብሱን ሻንጣዬ ውስጥ አጥፌ አምቦ ገባሁ።

ቤት እንደገባሁ ልምምዴን አላቋረጥኩም። አሰልጣኜ ስንለያይ "ሰውነትሽ ካልረሳ ቀኑ ሲመጣ እንጀምራለን፤ ከረሳ ግን እንደገና ከዜሮ ነው" ብላኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። ልብሱን ለብሼ እሱ ላይ በሆዴ እተኛለሁ፤ ደረቴንና እግሬን ከፍ አድርጌ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ እቆያለሁ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን እኩል ወደ ኋላ ወስጄ ፓራሹቱ የሚሳብበትን ቦታ እነካለሁ። እንደገና እዘረጋለሁ። እንደገና።

አንድ ቀን ማስክ ሊገዙ የመጡ የሠፈራችን ሴት በሩን ገፋ አድርገው ገቡና እንደዚያ ሆኜ አዩኝ። "ዋቀዮ! አምላኬ! ልጅቷ ምን ነካት?" ብለው ጮኹ። ተነሥቼ ሰላም ልላቸው ስሞክር በእግሮቼ መካከል ያለው ጨርቅ ጠለፈኝና ፊታቸው ተደፋሁ። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እሑድ ሲደርስ ወሬው ተጠናቆ ነበር፤ ከአረብ አገር የመጣችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ክንፍ ሰፍታለች፤ ከወንጪ ገደል ልትዘል ነው።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

"እውነት ነው?" አለችኝ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ምኑ?"

"ወንጪ።"

"እማ፣ ከገደል አይደለም የሚዘለለው። ከአውሮፕላን ነው። ከፍ ካላለ አይሆንም።"

"እና ከገደሉም ይበልጣል?"

"ይበልጣል፤ ግን ከፍታው ሲበዛ ነው ደኅንነቱ።"

"ህን ተኡ!" አለች። አይሆንም ማለቷ ነው። እናቴ ከልቧ ስትቆጣ አማርኛው ይጠፋታል። ገብታ ልብሱን ካንጠለጠልኩበት አወረደች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች እንደ ቆሻሻ አልጠቀለለችውም። ክንፎቹን በየመታጠፊያቸው አስተካክላ፣ ዚፖቹን ዘግታ፣ በሥርዓት አጥፋ ነው ሳጥኑ ውስጥ ያስገባችው። ከዚያ ቆለፈች።

አልለመንኳትም። እልህ ያዘኝ፤ ግን የእሷን ዓይነት ዝምተኛ እልህ። በማግስቱ ጠዋት ያለ ልብሱ አግዳሚው ላይ ተኛሁ። በመስኮት አየችኝ፤ መጋረጃውን ሳበች። በሦስተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ማስክ እየሰፋን፣ ምሳ እየበላን፣ ስለ ክር ዋጋ እያወራን፣ ስለ ሳጥኑ ሳናነሣ ሳምንታት አለፉ።

ታላቅ ወንድሜ አጠገባችን ባለችው ጉደር ከተማ የስፖርት አስተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይመጣ ነበር። እሱም በሐሳቤ አልተስማማም፤ ግን ሰው ሲለማመድ አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

"ትከሻሽን እያጎበጥሽ ነው" አለኝ አንድ ቀን አግዳሚው አጠገብ ቆሞ።

"እንዲህ ነው የተማርኩት።"

"ተሳስተሽ ተምረሻል ማለት ነው። ወይ ደክሞሻል። ውረጂ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ አሠራኝ። ፑሽአፕ፣ ድንጋይ ማንሣት፣ ከከተማው ወጥቶ ዳገት ዳገቱን መሮጥ። እየሮጥን ሳለ በኦሮምኛ "ጀባዲ!" ይለኛል፤ በርቺ ለማለት። ስቆም ደግሞ በአማርኛ ይሰድበኛል። ስድብ በአማርኛ ይሻላል ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወንጪ ይዞኝ ሄደ። ከአፋፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ሐይቁን አየን። ደሴቱ፣ ከዳር ያሉት የእንሰት ማሳዎች፣ በቀጭኗ መንገድ ሁለት ፈረሶች ተጭነው ሲወጡ ይታዩ ነበር። ነፋሱ ከሥር ወደ ላይ ይመታናል። ጃኬቴ በአየር ተሞላ።

"ከዚህ ትዘያለሽ?" አለኝ።

"በፍጹም።"

"እውነትሽን ነው?"

"ክንፉ የሚሠራው አየሩ ሲገፋው ነው። አየሩ እንዲገፋው ደግሞ መጀመሪያ መውደቅ አለብኝ። እዚህ የምወድቅበት ቦታ የለም። ከዚህ የሚዘሉ ሰዎች ሌላ አገር አሉ፤ ብዙዎቹ ይሞታሉ። እኔ መሞት አልፈልግም። ወደ ፊት መሄድ ነው የምፈልገው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እንዲህ አድርጌ ተናገርኩት። ወንድሜ ከሐይቁ ወደ እኔ ዞረና "ይህንን ለእማ ለምን አትነግሪያትም?" አለኝ።

"ነግሬያታለሁ።"

"አልነገርሻትም። ለእሷ ስለ ጨርቁና ስለ ዚፑ ነው የነገርሻት።"

እውነቱን ነበር፤ ግን ሄጄ ለመንገር ጊዜ ወሰደብኝ። ክረምቱ ከባድ ሆኖ መጣ። ከተማው ተረበሸ፤ ኢንተርኔት ጠፋ፤ መንገድ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ ነበር። ስለ ክንፍ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ እኔም ማውራት ነውር መስሎ ታየኝ። ከአሰልጣኜ ጋር የምንገናኝበት መንገድ ሁሉ ተቋረጠ። ሜዳው ይከፈት አይከፈት፣ የሥራ ፈቃዴ ይታደስ ይቃጠል አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ "በቃ፣ ሰውነትሽ ይረሳ" የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ጠዋት ግን አግዳሚውን በጨርቅ አድርቄ እተኛበታለሁ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ ማቆሙ የበለጠ ስለሚከብደኝ ነው እል ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስልኬ ላይ ከአሰልጣኜ መልእክት አገኘሁ፤ ሜዳው በቅርቡ ይከፈታል፣ ትኬት እንቆርጥልሻለን፣ ትመጫለሽ ወይ? ይላል። ለወንድሜ እንኳ ሳልናገር እናቴ ጋ ገባሁ። የመዘምራን ልብስ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር።

"እማ፣ ልሄድ ነው። ሥራው ተከፍቷል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። መተኮሻውን አላስቀመጠችም።

"ሄጄ እበርራለሁ። ልዋሽሽ አልፈልግም።"

ኮሌታውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

"ልብሱን ባትሰጪኝ ሌላ እሰፋለሁ። መስፋት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።"

መተኮሻውን አቆመችው። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ መትታኝ ባታውቅም። "ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ፤ እንደ ቁጣ ሳይሆን፣ እንደ ጥያቄ።

ለወንድሜ የነገርኩትን ነገርኳት። ሁሌም ስዘል እንደምወድቅ፣ መውደቁን እንደማልፈራው፣ ግን አንድ ጊዜ ከመውደቅ ወጥቼ ወደ ፊት መሄድ እንደምፈልግ። እሷ የኮሌታውን ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ሰማችኝ። ኮሌታውን ተኩሳ ጨረሰች።

በማግስቱ ስነሣ ሳጥኑ ተከፍቷል። ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እናቴ መነጽሯን አድርጋ የእግሩን ክንፍ ስፌት እየተከተለች ነበር። እኔ የቀየርኩት ጨርቅ ነበር።

"ይህን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?"

"አዎ።"

"ይህንንስ?"

"እሱን ፋብሪካው ነው።"

ሁለቱን አስተያየች። የትኛው እንደሚበልጥ አልነገረችኝም። "ልበሺው" አለች። ለበስኩት። "አሁን እንደምትሆኚው ሁኚ።" ግቢ ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተኛሁና ክንፌን ዘረጋሁ። በዙሪያዬ ዞረች። ድንገት ስትስቅ ሰማሁ፤ እኔ የማውቀው፣ አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቀው ሳቅ።

"የሌሊት ወፍ መስለሻል" አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "ብቻሽን ነሽ እዚያ ላይ?"

"አይደለም። አሰልጣኜ ጎኔ ትበራለች።"

"ስሟ ማነው?"

ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው በትክክል ጠራችው። "ለእሷ እጸልያለሁ" አለች። "አንቺማ አትሰሚም፤ እሷ ዓይኗን ከአንቺ ላይ እንዳታነሣ እጸልያለሁ። ሂጂ፣ ኢንተለ ኮ።" ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ተነሥታ ጉልበቷን አራግፋ ወደ ሥራዋ ገባች።

ሜዳው ስደርስ አሰልጣኜ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ "ተኚ" አለችኝ። ጠረጴዛ ላይ ተኛሁ። ትከሻዬን ነካካች፤ እግሬን ወደ ታች ገፋች፤ አልወረደም። "የት ነው የሠራሽው?" አለች። "ቤት" አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ግን ወዲያው ክንፍ አላስለበሰችኝም። ለረጅም ጊዜ ሳልዘል ስለቆየሁ መጀመሪያ በተራ ቱታ ደጋግሜ ዘለልኩ። በረራው በተወሰነበት ቀንም ነፋሱ በርትቶ ወደ ኋላ መለሰን። ሙሉ ቀን በክንፍ ልብስ በጥላ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። በማግስቱ ነፋሱ ጋብ አለ።

አውሮፕላኑ ሲወጣ አሰልጣኜ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ያጠናነውን በጣቷ እየቆጠረች አስደገመችኝ። ከበሩ ስወጣ ክንፌን ዘግቼ እቆያለሁ፤ ቶሎ ከከፈትኩ የአውሮፕላኑ ጅራት ሊመታኝ ይችላል። ከዚያ እከፍታለሁ። ከተረጋጋሁ በኋላ ለልምምድ የፓራሹቱን መሳቢያ እነካለሁ፤ አልስብም። አቅጣጫዬን እጠብቃለሁ። የእጅ አንጓዬ ላይ ያለውን ከፍታ መለኪያ አያለሁ። ከተወሰነው ከፍታ በታች ሳልወርድ እስባለሁ።

"ከተሽከረከርሽስ?"

"ሁሉንም ክንፍ እዘጋለሁ።"

"ዘግተሽም ካልቆመስ?"

"እስባለሁ።"

"ጎበዝ" አላለችኝም። የራስ ቁሬን መታ መታ አደረገችና በሩን ከፈተች።

በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ገባ። ከታች በአንድ በኩል ቡናማ በረሃ፣ በሌላው ሰማያዊ ባሕር ነበር። ስንት ጊዜ ዘልዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እጆቼ በጨርቅ ተይዘዋልና። በተራ ቱታ እጄ የራሴ ነው፤ አሁን ግን የክንፉ ነው። ወደ አሰልጣኜ አየሁ። አንገቷን ነቀነቀች። ወጣሁ።

ክንፌን ዘግቼ ቆየሁ። የአውሮፕላኑ ጅራት በላዬ አለፈ። ከፈትኩ።

አየሩ ከሥሬ መጥቶ ክንፉን ሲሞላው እንደ ፍራሽ ገፋኝ። ጨርቁ ጠጠረ። ግን አልተረጋጋም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብለኛል። ከላይ አሰልጣኜ ብቅ አለችና ከጎኔ ተስተካክላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ እግርሽን አላልተሽ ያዢ። ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬን ገትሬ ነበር። አላላሁት። መንገዳገዱ ቀነሰ። "አሁን ንኪ" የሚለውን ምልክት አሳየችኝ። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላ ወሰድኩ፤ ቀኝ እጄ መሳቢያውን አላገኘውም። ጨርቁ ሸፍኖታል። ስፈልገው ቀኝ ትከሻዬ ወረደና ዓለም ዞረች።

ባሕር፣ በረሃ፣ ባሕር፣ በረሃ። እየፈጠነ ሄደ። እጆቼ ወደ ውጭ ተስበው ደሙ ወደ ጣቶቼ ሲወርድ ይሰማኛል። ያኔ ምንም አላሰብኩም፤ ሰውነቴ አሰበ። ክንፎቼን በሙሉ ዘጋሁ፤ እጆቼን ከጎኔ አጣብቄ፣ እግሮቼን ገጥሜ፣ ደረቴን ወደ ፊት ገፋሁ። ለአፍታ እንደ ድንጋይ ወረድኩ። መሽከርከሩ ቆመ። ከፍታ መለኪያዬን አየሁ፤ ገና ጊዜ ነበረኝ። መሳብ እችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

ክንፌን እንደገና ከፈትኩ።

በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብዬ ነው፤ ሁለቱንም እኩል። አየሩ ያዘኝ። አሰልጣኜ ከላይ ወርዳ እንደገና ጎኔ መጣች። ነካሁ፤ አሁን እጄ መሳቢያውን አገኘው። ዘረጋሁ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መሄድ ብቻ። መሬቱ እንደ ወትሮው ወደ እኔ እየሮጠ አልመጣም። ከሥሬ ያልፍ ነበር። አንድ መንገድ በፊቴ መጣ፣ ከሥሬ ሆነ፣ ከኋላዬ ቀረ። መኪና አየሁበት። የነፋሱ ጩኸት እንኳ ከተራ ዝላይ ያነሰ ነበር። በራስ ቁሬ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እሰማ ነበር። "እየሄድኩ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ማን እንደሚሰማኝ ሳላስብ።

ከፍታው ሲደርስ አሰልጣኜ እጇን አወዛውዛ ራቀች። ሳብኩ። ፓራሹቱ ሲከፈት ገመዶቹ ተጠማዝዘው ወጡ። ይህ በክንፍ ልብስ የተለመደ ነው፤ ግን የተለመደ መሆኑን ማወቅና ከላይሽ የተጠማዘዘ ገመድ ማየት ይለያያሉ። የክንዶቼን ዚፕ ፈትቼ እጆቼን ነጻ አወጣሁ፤ ገመዶቹን ይዤ ወደ ሁለት እየገፋሁ እግሬን አወዛወዝኩ። ተፈታ። ፓራሹቱ ሰፍቶ ቆመ።

ከመውረጃው ሜዳ ርቄ፣ ከመንገድ ዳር ባለ ጠንካራ አሸዋ ላይ ወረድኩ፤ ሮጥ ብዬ ልቆም ስል በፊቴ ተደፋሁ። አፌ አሸዋ ሞላ። አሰልጣኜ በመኪና መጣች።

"ለምን አልሳብሽም? ስትሽከረከሪ" አለችኝ ከመኪናው ሳትወርድ።

"መሽከርከሩ ቆመ። ከፍታ ነበረኝ።"

"ከፍታሽን አየሽ?"

"አየሁ።"

"እንግዲያው ልክ ነሽ።" ውኃ አቀበለችኝ። "ባታይ ኖሮ ልብሱን እወስድብሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትደግሚያለሽ ወይስ በቃሽ?"

"እደግማለሁ" አልኳት።

ፓራሹቴን አጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። ከኋላዋ የስፌት መኪናው እየተቆራረጠ ይሰማ ነበር፤ ወንድሜ መሆን አለበት፣ ቀጥ ያለ መስፋት ከሞት የሚከብደው።

"በረርሽ?" አለችኝ።

"በረርኩ።"

"እሷስ? ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት።"

"ምሳ ብሊ" አለችኝና ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ደገምኩ። ነፋሱ ትንሽ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን እጄ መሳቢያውን በዘረጋሁት ቁጥር ያለ ፍለጋ አገኘው፤ ገመዶቹም ቀጥ ብለው ተከፈቱ። በዚያ ዓመት ብዙ ጊዜ በረርኩ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ሰዎችን ጠረጴዛ ላይ የማስተኛው፣ ትከሻቸውን የምነካካውና እግራቸውን የምገፋው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ከእኔ በላይ የተማሩ፣ ከእኔ በላይ የሚያወሩ ናቸው። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ዝም ይላሉ።

በየዓመቱ ለዕረፍት አምቦ እመጣለሁ። እናቴ ለደንበኞቿ "ልጄ አውሮፕላን ያለበት ቦታ ልብስ ትሰፋለች" ትላለች፤ ከዚያ አትጨምርም። ባለፈው ዓመት ወንድሜ አሰልጣኜ የቀረጸችኝን ቪዲዮ በስልኩ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከፊቷ አርቃ ይዛ፣ እስከ መጨረሻው አየችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቷን እጠብቅ ነበር።

ሲያልቅ ስልኩን ለወንድሜ መለሰችለት።

"እንደገና አሳየኝ" አለችው። "ከመጀመሪያው አይደለም። ፓራሹቱ ከሚከፈትበት።"